ደህናውን ሱሪ «ይቅደዱልኝ» አለኝ፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሰፊው ከአዋሬ

ሰላም ለዚህ ቤት። አዋሬ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ቀሚስ ማጥበብ፣ የተቀደደ መጣፍ ነው ውሎዬ። ሲንጀሬን ከአባቴ ነው የወረስኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መጣ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከፌስታሉ አዲስ ጂንስ አወጣ። የዋጋው ወረቀት ገና አልተነሳለትም። ሊያሳጥር ነው ብዬ ሜትሬን አነሳሁ። «አይ ጋሼ፣ ቁመቱ ልክ ነው። ጉልበቱ ላይ ይቅደዱልኝ» አለኝ።

ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየኝ። ዝም ብሎ ቀዳዳ አይደለም። ነጫጭ ክር በአግድም ተዘርግቶበታል፤ ሰማያዊው የለም። ሱሪውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ለካ የጂንስ ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ ነው። በምላጭ ከላይና ከታች በአግድም በጣሁት። ከዚያ ቁልቁል የሚወርደውን ሰማያዊ ክር በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እየመዘዝኩ አወጣሁ። ነጩ ብቻውን ቀረ። አንዱ ጉልበት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ልጁ 200 ብር ከፍሎኝ ደስ ብሎት ሄደ።

እኔን ግን ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ ደህና ጨርቅ ላይ ምላጭ ሳሳርፍ እጄ ከበደኝ። አባቴ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አይጥልም ነበር። ልጁን አልወቅስም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ነገሩ ግን አልገባኝም። ልጆቻችሁ ይለብሱታል? እናንተስ? ሌላ ቢመጣ ልሥራለት ወይስ ልመልሰው? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የሦስት ልጆች አባት

ይመልሱት። እኔ ቤቴ አላስገባም። ለልጄ ደህና ልብስ ለመግዛት ነው ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባው። ልጅ ተቀዳዶ ሲሄድ ሰው የሚያየው ልጁን አይደለም፣ ወላጁን ነው። «አባቱ የት ሄደ?» ነው የሚባለው። ፋሽን ይሁን ሌላ፣ ድሪቶ ድሪቶ ነው።

ቤቲ የሳሪስ

ጋሼ ሰላም። 23 ዓመቴ ነው። ቅድ ጂንስ እለብሳለሁ። ሦስት አለኝ፤ አንዱንም ተቀዶ አልገዛሁትም። ከሰልባጅ በ400 ብር የገዛሁት ጂንስ ጉልበቱ ሳሳ። አዲስ ልግዛ ብል 3,000 ብር ተባልኩ። ስለዚህ የሳሳውን ቦታ ሰፋ አድርጌ ቀደድኩት። ሌላኛውንም ጉልበት እንዲመሳሰል ብዬ ቀደድኩ። እነሆ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ባልቀደው ኖሮ አንድ ቀን ታክሲ ላይ ስወጣ ራሱ ይቀደድ ነበር። ያኔ ነበር የማፍረው።

ለሦስት ልጆች አባት፦ ጋሼ፣ ወላጆቼ ደህና ሰዎች ናቸው። በደንብ ነው ያሳደጉኝ። በጉልበቴ ቀዳዳ ባይመዝኗቸው ደስ ይለኛል። አንድ ጊዜ የፈተና ቀን የትምህርት ቤት ጥበቃ በር ላይ አቆመኝ። ብለምነው፣ ብለምነው አልሰማ አለ። ጓደኛዬ ነጠላዋን ሰጥታኝ ወገቤ ላይ አሸርጬ ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ሄዶብኛል። ያቺን ሃያ ደቂቃ አልረሳትም።

ጡረተኛው መምህር

የሦስት ልጆች አባት፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ላውጋህ።

በ1960 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ዘመኑ የሚኒ ስከርት ነው። እኛ ተማሪዎች ተቃወምን። አገሩ ደሃ፣ ገበሬው መሬት የለው፣ ይህ የባዕድ ባህል ወረራ ነው አልን። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪ ታሰረ። ትልቅ ነገር ሆነ።

የተቃወምንበት ሐሳብ ዛሬም ቢሆን ባዶ አይመስለኝም። ግን ስለዚያ ቀን ሳስብ ፊቴ የሚመጣው ሐሳቡ አይደለም። ሊያዩ የመጡት ሴት ተማሪዎች ፊት ነው። ተሰደቡ፣ ተዋከቡ። አብረውን አንድ ክፍል የሚማሩ እህቶቻችን ናቸው። እኔም ከተሳደቡት አንዱ ነበርኩ። ከመካከላቸው አንዷን ከዓመታት በኋላ አስተማሪ ሆና አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት እያልኩ ሳልጠይቃት ቀረሁ። አሁን በሕይወት የለችም።

ሚኒ ስከርቱ አለፈ። ቤልቦተሙ መጣ፣ እሱም አለፈ። የተናገርኩት ቃል ግን አላለፈልኝም። ቤቲ፣ በርቺ ልጄ።

ከፍል ውሃ በላይ

እኔ የቤቲን ሐሳብ ሳነብ ደስ አለኝ፣ ግን የሆዴን ልናገር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የደንብ ልብሴ ሹራብ ቀኝ ብብቱ ስር ተተርትሮ ነበር። ቤታችን ክር እንኳ አልነበረም። ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ቀኝ እጄን አላወጣም። ግራ እጄን ሳወጣ ደግሞ አስተማሪያችን «በቀኝ!» ይላሉ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ዝም አልኩ። ሰርተፊኬቴ ላይ «ተሳትፎ የላትም» ተብሎ ተጻፈ። እናቴ አንብባ አለቀሰች፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ዛሬ ደህና ሥራ አለኝ። ልጄ ቅድ ሱሪ ስትጠይቀኝ ብሩ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። እኔ በክንዴ ስሸፍነው የኖርኩትን ነገር እሷ ሰው እንዲያይላት ትፈልገዋለች። ትክክል ናት አይደለችም አላልኩም። ዓይኔ ግን አይችለውም።

ቤቲ የሳሪስ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልስ የለኝም። ያለፍሽበትን አላውቀውም ነበር። ለልጅሽ ይህን ታሪክ ነግረሻት ታውቂያለሽ? ካልነገርሻት ንገሪያት። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ብትነግረኝ ሱሪውን ሳልጣላ እሷን እረዳት ነበር።

ሙላት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖርበት አሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ቅዱ ከደህናው ይወደዳል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኖርድስትሮም የሚባል ትልቅ የልብስ መደብር ጭቃ የተቀባ የሚመስል ጂንስ በ425 ዶላር ሲሸጥ አገር ምድሩ ተነጋገረበት። እውነተኛ ጭቃ አይደለም፤ ጭቃ እንዲመስል የተሠራ ነው። በ2022 ደግሞ ባለንሲያጋ የሚባለው የፋሽን ቤት የተቦጫጨቀና የቆሸሸ ሸራ ጫማ አወጣ። በጣም የተበላሸው 100 ጥንድ ብቻ ተሠርቶ አንዱ 1,850 ዶላር ተባለ።

አባቴ እዚህ አገር ሲመጣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሠራው። አሥራ ስድስት ዓመት። ሱሪው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚያልቀው፤ ቀኝ ኪሱ አፍ ላይ። የሰው መኪና ቁልፍ ሲያስገባ ሲያወጣ ይበላዋል። እናቴ ከውስጥ ጨርቅ ታደርግለታለች። የኪሱ አፍ እንደዚያው የነጣ ሱሪ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሳይ ቆሜ እቀራለሁ። ያ ምልክት የአባቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ነው። እዚህ ግን ምንም ያልሠራ ሰው በካርድ ይገዛዋል።

ቤቲ የምትለው ሌላ ነው። እሷ ያረጀውን ነው ያስቀጠለችው። እኔ የምቃወመው የሰው ድካም መልክ ተቆርጦ ለሀብታም ሲሸጥ ነው።

ስፌትና ስዕል

የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ሙላት፣ በትክክል የጠቀስከው ክርክር ፓሪስ ላይም ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 2000 ዲዛይነሩ ጆን ጋሊያኖ ለዲዮር የፋሽን ቤት፣ ጎዳና ላይ በሚኖሩ ሰዎች አለባበስ ተነሳስቶ ስብስብ አቀረበ። ብጥስጣሽ ሐር፣ ጋዜጣ የታተመበት ጨርቅ። ቤት የለሽ ሰዎችና ደጋፊዎቻቸው ተቃውሞ ወጡበት። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ግን ቅድ ልብስ ከሀብታም ቤት አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ኪንግስ ሮድ 430 ቁጥር ላይ ቪቪየን ዌስትዉድና ማልኮም ማክላረን ሱቅ ነበራቸው። የተቀደደ ካናቴራ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ የሚለበሰው የፓንክ ሙዚቃ ወጣቶች ልብስ ከዚያ ሠፈር ጋር ነው ስሙ የሚነሳው። ሥራ ያጣ ወጣት «እንዳላየ አትለፉኝ» ያለበት ልብስ ነው። ጃፓናዊቷ ዲዛይነር ሬይ ካዋኩቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ሆን ተብሎ ቀዳዳ የተተወበት ጥቁር ሹራብ አቀረበች። ለእሷ ቀዳዳው እንደ ዳንቴል ነው።

የእኔ ተወዳጅ ግን የጃፓን ገበሬዎች ነገር ነው። ቦሮ ይባላል። ጥጥ ብርቅ ስለነበረ አንዱን ልብስ ለትውልድ እየጣፉ ይለብሱት ነበር። ጥፉ ላይ የሚሄደው ነጭ የእጅ ስፌት ሳሺኮ ይባላል። ዛሬ እነዚያ ልብሶች ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ጋሼ ሰፊው፣ የእርስዎ ዓይነት እጅ ነው የሠራቸው።

የሦስት ልጆች አባት

መምህር፣ አንብቤዋለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ግን «ድሪቶ» ያልኩትን አነሳለሁ። ቤቲ፣ ቅር አይበልሽ።

ድርና ማግ

ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተምሬ አሁን ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። እስካሁን ስለሚለብሰው ሰው ብዙ ተባለ። ስለሚቀደው ሰው ግን ያነሳ የለም። ትንሽ ላስረዝምባችሁ።

ጂንስ ከስፌት ሲወጣ ድርቅ ያለ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ። ያረጀ ለማስመሰል ብዙ መንገድ አለ። የቆየው በድንጋይ ማጠብ ነው። ተረከዝ የምንፈገፍግበት ዓይነት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ አይደል? እሱ ከሱሪው ጋር ትልቅ ማጠቢያ ውስጥ ይገባና ይፋተጋል። በኋላ ኢንዛይም መጣ፤ የጥጡን ፊት በልቶ ያሳሳዋል። ጉልበቱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚባል ኬሚካል ተረጭቶበት ነው። ቀዳዳው ደግሞ ወይ በእጅ መፋቂያ ነው፣ ወይ ጋሼ እንዳደረጉት በምላጭ።

የከፋው አሸዋ መንፋት ነው። አሸዋውን በታመቀ አየር ሱሪው ላይ ይረጩታል። በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሳዋል፣ ርካሽ ነው። ግን አሸዋው ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለው። ሲሰባበር የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ማዕድን ቆፋሪ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚይዘውን በሽታ ቱርክ ውስጥ ጂንስ የሚነፉ ወጣቶች በጥቂት ዓመት ያዛቸው። ብዙዎቹ ከገጠር ለሥራ የመጡ ናቸው። በጠባብ ክፍል፣ በቂ መከላከያ ሳይኖራቸው ይሠሩ ነበር። ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቱርክ ለጂንስ አሸዋ መንፋትን ከለከለች። በ2010 ትልልቆቹ የልብስ ኩባንያዎች ሊቫይስና ኤች ኤንድ ኤም እናቆማለን አሉ።

ተማሪ ሳለሁ የአንዱን ሠራተኛ የሳንባ ራጅ በስላይድ አሳዩን። የእኔ እኩያ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ቀን ጉልበቱ ነጣ ያለ ጂንስ ለብሼ ነበር። ጉልበቴን በደብተር ሸፈንኩት።

አሁን ሌዘር አለ። ኮምፒውተር ሥዕሉን ይመራል፣ ጨረሩ የላይኛውን ቀለም ያቃጥለዋል። ሊቫይስ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደዚያ እየዞርኩ ነው ብሏል። አሸዋም ፐርማንጋኔትም ይቀንሳል። ነገር ግን የትኛው ሱሪ በምን እንደተሠራ ከመለያ ወረቀቱ ላይ አይታወቅም። ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ቅድ ልብስ ከወደዳችሁ ራሳችሁ ቅደዱ፣ ወይም ጋሼ ሰፊው ጋ ውሰዱት። አርባ ደቂቃ የፈጀባቸው በመርፌ ነው፤ የማንም ሳንባ የለበትም። ጋሼ፣ ልጁን አይመልሱት።

ኑሮ በዱባይ

ቅድ ጂንስ መተኮስ የሚያውቅ አለ? እኔ በሳምንት ስድስት ሰባት እተኩሳለሁ። የካውያው አፍንጫ ነጩ ክር ውስጥ ይገባና ይበጥሰዋል። አንድ ክር ቢበጠስ ማዳም ታውቃለች። አሁን ገልብጬ በውስጡ ነው የምተኩሰው፣ በላዩ ላይ ስስ ፎጣ አድርጌ። ይህችን ብልሃት ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ደግሞ ባዶ እግራችሁን ስታስገቡ ጣት ይይዛል፣ ተጠንቀቁ። ሰላም ዋሉልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

አስቴር ከነታንያ

የእኛ ቤት ነገር ከሁላችሁም ይለያል። አያቴ ወደ እስራኤል ከጎንደር ነው የመጡት። ወንድሜ ደረቱ ላይ የተቀደደ ካናቴራ ለብሶ ሰንበት ሊገባ ሲል መጣ። አያቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ማን ሞተብን?» አሉት።

በአይሁድ ሥርዓት የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሰው ልብሱን ይቀዳል። ክሪዓ ይባላል። ለእናትና ለአባት ከሆነ በግራ በኩል፣ ልብ ላይ ነው የሚቀደደው። ለሌላ ዘመድ የተቀደደው ከሠላሳ ቀን በኋላ ይሰፋል። ለእናትና ለአባት የተቀደደው ግን ከዚያ ወዲያም ቢሸመለል እንጂ መቼም በደንብ አይሰፋም። ያዕቆብ ዮሴፍ ሞተ ሲሉት ልብሱን የቀደደው ያው ነው።

ወንድሜ ምን እንዳደረገ አላወቀም ነበር። ስናስረዳው ሄዶ ቀየረ። ለጉልበቱ ጂንስ አያቴ ምንም አይሉም፣ አይተው ያልፋሉ። ደረት ላይ ግን በእሳቸው ፊት ደግሞ አልለበሰም።

የቆሎ ተማሪ የነበረ

አስቴር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ጾም ሲገባ የምንሰማው የኢዩኤል ቃል ትዝ አለኝ። «ልባችሁን እንጂ ልብሳችሁን አትቅደዱ» ይላል።

እኔ ጎጃም ውስጥ አራት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ልብሳችን ደበሎ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ደጃፍ ስንቆም ውሻ ይመጣል። አኩፋዳዬን ልከላከል ስል ከውስጥ የለበስኳትን ጨርቅ ይቦጭቃታል። የኔታ ቀዳዳችንን አይተው አያውቁም፤ ቅኔያችንን ነው የሚያዩት። ባሕታዊም ድሪቶ ሲለብስ ዓለምን ንቆ ነው። ስለዚህ ቃሉን ስድብ አናድርገው ማለቴ ነው፤ ያነሳኸው ወንድሜ ደግ አደረግህ።

ለወጣቶች የምላችሁ አንድ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ ነጠላ አጣፉ፣ ጉልበታችሁን ሸፍኑ። ከዚያ ውጪ ስላለው እኔ ፈራጅ አይደለሁም።

የሸማኔ ልጅ

ጉለሌ ነው ያደግኩት፣ ሽሮ ሜዳ አጠገብ። አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነው። ሁሉንም አነበብኩና አንድ የቀረ መሰለኝ።

ነጠላ ከሸማ ዕቃው ላይ ተቆርጦ ሲወርድ ጫፉ ክፍት ነው። ድሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አዲስ ሆኖ ጫፉ ግን ያለቀ ይመስላል። ልብስ የሚሆነው እናቴ እጅ ሲገባ ነው። ክሩን በጥንድ በጥንድ ትከፍላለች። ጭኗ ላይ በመዳፏ ታንከባልላለች፣ ሁለቱን አጣምራ ትለቃለች። ራሱ ይጠመዘዛል። ይሄ ነው መቋጨት። አንድ ነጠላ ቋጭታ እስክትጨርስ መዳፏ ይቀላል። ያልተቋጨ ነጠላ ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ማጉ ከጫፉ እየሾለከ ይወጣል፤ ተተርትሮ ያልቃል።

ስለዚህ የተንጠለጠለ ክር ለእኔ አዲስ አይደለም። ቅድ ጂንስ ሳይ የምፈልገው ጠርዙን ነው። ተይዟል ወይስ ተትቷል? ጋሼ ሰፊው፣ ያንን ጉልበት ከላይና ከታች በስፌት ይዘውታል?

ሰፊው ከአዋሬ

ልጄ፣ አልያዝኩትም። ፎቶው ላይ ስፌት አላየሁም፣ ስለዚህ አላደረግኩም። አሁን ስትይ ደነገጥኩ።

ድርና ማግ

ፋብሪካ ላይ ስፌቱ ከውስጥ ነው፣ ለዚያ ነው ፎቶ ላይ የማይታየው። ስስ ጨርቅ ከጀርባው ይደረግና ዙሪያውን ይሰፋል። ካልተያዘ በጥቂት እጥበት ይሄዳል። የሸማኔ ልጅ፣ በደንብ አየሽ።

ሰፊው ከአዋሬ

አራት ቀን ጠፍቼ ነበር። ይቅርታ።

ልጁ ዛሬ ጠዋት መጣ። ሱሪው አንዴ ታጥቧል። የቀኙ ጉልበት ወደ ጭኑ ተተርትሯል። ከነጩ ክር የቀረው አምስት ስድስት ፍሬ ነው። ልጁ ምንም አላለኝም። «ጋሼ፣ ይሰፋ ይሆን?» ብቻ አለ። «ልድፈነው ወይስ ልያዘው?» አልኩት። ልዩነቱን አላወቀም፤ አስረዳሁት። «ይያዙልኝ» አለ።

ከአሮጌ ሸሚዝ ስስ ሰማያዊ ጨርቅ ቆርጬ ከውስጥ አደረግኩ። ዙሪያውን በሲንጀር ሁለቴ ሄድኩበት። የቀሩትን ነጭ ክሮች ጨርቁ ላይ በእጅ ጠቀምኳቸው። ስፌትና ስዕል ያለችው የጃፓኖቹ ነጭ ስፌት ትዝ አለኝና የተተረተረው ላይ እሱን ሞከርኩ፤ አጫጭር፣ እኩል እኩል። የግራውንም ከውስጥ ያዝኩለት። ሱሪውን ለብሶ ቁጢጥ በል አልኩት። ቁጢጥ አለ፣ ተነሳ። አልተነቃነቀም።

ብር ሲያወጣ አልተቀበልኩም፤ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነበር። ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። ከሰዓት መርካቶ ወርጄ ወፍራም ነጭ ክር ገዝቻለሁ።